የጌታ ላሞች

በልጅነቴ በጌታ ላይ የነበረኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፤ ወተታችንን ይጠጣብናል። ይህን ጮክ ብዬ ብናገር እናቴ ጆሮዬን ይዛ ስለምታንበረክከኝ ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ግን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ካገባሁም ወር ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ እንደልቤ ላውራ።

እናቴ ደስታነሽ ትባላለች፤ አባቴ ግዛቸው። ከአለታ ወንዶ ተነሥተው ሐይቁ ዳር ቡሹሎ ሲገቡ፣ ዛሬ ባጃጅ ደጃችን ድረስ የሚመጣበት ቦታ ሰው ቢቆምበት የማይታይበት ሣርና ቁጥቋጦ ነበር። ጎረቤት የሚባል የለም። ይዘው የመጡት አንድ ገጀራ፣ አንድ ሸራ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና አንዲት ላም ነው። ላሟ ቡሪት ትባላለች፤ እናቴ ስትዳር አያቴ የሰጠቻት ናት። አያቴ ስለ ሠርግ የነበራት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ሴት ልጅ ከእናቷ እጅ ላም ሳትቀበል ከቤት አትወጣም። ቀሚሱም ድግሱም ለእሷ ጉዳይዋ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ዓመት በቆሎ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ በላባቸው። የሁለተኛውንም በላባቸው። በሦስተኛው ዓመት እናቴ ውኃው ዳር ድረስ ወርዳ ጉማሬዎቹን በኢየሱስ ስም ገሠጸቻቸው። በዚያ ዓመት በቆሎው ተረፈ። አባቴ "አጥሩን በእሾህ ስላጠበቅሁት ነው" ይላል፤ እናቴ ደግሞ "አጥሩንማ በፊትም አጥረኸው ነበር" ትለዋለች። ክርክሩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

መሬቱን እየመነጠሩ እንሰት ተከሉ፤ ቀጥሎ ቡና፣ ኋላ ደግሞ አቮካዶ። እሑድ እሑድ ሰባት ሰው ከየአቅጣጫው ጎጇቸው ውስጥ ተሰብስቦ ይጸልይ ነበር። ዛሬ ወለሉ ሴራሚክ የሆነው፣ ድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃው ቤተ ክርስቲያናችን የተጀመረው እናቴ ምድጃ ዙሪያ ነው። እሷ ግን ይህን ስታወራ አትሰሟትም። ዶሮ ሳይጮህ ትነሣለች፤ ትጸልያለች፤ ታልባለች። ዱቄት በነካች ቁጥር አንድ እፍኝ ለቤተ ክርስቲያን ታስቀምጣለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ትጾማለች። እንሰት ስትፍቅ ትዘምራለች፤ ስትናደድም ትዘምራለች፤ ንዴቷን ከደስታዋ ለመለየት እኔ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ባጠቃላይ ግን ደስተኛ ሴት ናት። ልጇ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው፤ አብሬያት ስለኖርኩ ነው።

ወደ ወተቱ ልመለስ።

ወንድሜ አልአዛር መጀመሪያ ስሙ ተስፋዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወባ ያዘውና ጤና ጣቢያ ተኛ። ሦስት ቀን ዓይኑን አልገለጠም። እኔ በዚያን ጊዜ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ደጅ ወጥታ ግራር ሥር ተንበረከከችና፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ከተውክልኝ ቡሪት የምትወልዳት የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ ያንተ ናት" አለች። በማግሥቱ ልጁ ውኃ ጠየቀ። ተስፋዬ መባሉ ቀረና አልአዛር ተባለ፤ ከመቃብር የተጠራውን ሰው ስም ነው የሰጠችው። ብዙም ሳይቆይ ቡሪት ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቀይ ሴት ጥጃ ወለደች። እናቴ ጥጃዋን ምስጋና ብላ ሰየመቻትና በዚያው ሳምንት ለወንጌላዊው ልታስረክብ ይዛት ሄደች። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ አጥር እንኳ አልነበራትም። ወንጌላዊው ትንሽ አሰቡና፣ "ጌታ በረት እስኪኖረው ድረስ አንቺው ጋ ትቆይ" አሏት።

እናቴ ይህችን ትእዛዝ ሃያ ሰባት ዓመት ጠበቀች። ወንጌላዊው ካረፉ እንኳ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል።

በረታችን ለሁለት ተከፈለ። በስተቀኝ የጌታ ላሞች፣ በስተግራ የኛ። የኛዎቹ ስማቸው የከብት ስም ነው፤ ቡሪት፣ ኋላም ልጇ ዳለቻ። የጌታዎቹ ግን ምስጋና፣ የምስጋና ልጅ ዝማሬ፣ የዝማሬ ልጅ እልልታ እያሉ ይቀጥላሉ። የጌታ ወይፈኖች ለዓመታዊው ጉባኤ ይታረዳሉ። የጌታ ወተት በጆግ ተሞልቶ ጤና ጣቢያ ለሚተኙ አራሶች፣ ለአሮጊቷ ለእማማ አለምነሽና ለቤተ ክርስቲያን እንግዶች ይሄዳል። እኛ ቤት ውስጥ ያለን ግን ጠብታ አንቀምስም። ስምንት ዓመቴ ላይ ከጌታ ጆግ ሁለቴ ፉት ስል እናቴ ያዘችኝ። ተንበርክኬ ጌታን ይቅርታ ጠየቅኩ። አልበቃትም፤ በረት ወስዳ ምስጋናንም ይቅርታ አስጠየቀችኝ። ምስጋና ማመንዠኳን አላቆመችም።

በየዓመቱ በመከር ምስጋና ቀን እናቴ ምእመኑ ፊት ትቆምና፣ "እኔ ጋ ያሉት የጌታ ላሞች ደህና ናቸው፤ ዘንድሮ ሦስት ሆነዋል" ትላለች። ምእመኑም "አሜን!" ይላል። የድሮዎቹ ሽማግሌዎች አልፈው አዲሶቹ ከተተኩ ወዲህ የነገሩን ሥር የሚያውቅ አልቀረም። ልጁንም ቤቱንም ሞባይሉንም የጌታ ነው የማይል ሰው እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሌለ፣ እናቴም እንደማንኛውም አማኝ የተናገረች ነው የመሰላቸው። እሷ ግን ሪፖርት እያቀረበች ነበር።

ባለፈው ክረምት ዳለቻ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ከኛ ወገን የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ጠዋት ሦስት ላም ታልብና፣ ለአባቴ ሻይ ደግሞ ከሱቅ የላስቲክ ወተት ትገዛለች። እኔ በዚህ ነገር እየሳቅኩ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ።

የኔ ሠርግ የተቆረጠው በዚህ መሐል ነው። ዳዊት፣ ማለት ያኔ እጮኛዬ፣ አስተማሪ ነው፤ ዳቶ በኩል ጓሮው ሰፊ የሆነ ቤት ተከራይተናል። እናቴ ቀኑን ስትሰማ እልል አለች። ከዚያ ግን ሦስት ቀን እንሰት ስትፍቅ ድምፅዋ አልተሰማም። እናቴ ሳትዘምር ስትቀር ደግሞ እንደ ንዴቷ ቀላል ነገር አይደለም።

በአራተኛው ቀን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "ታቢታዬ፣ ባዶ እጄን ልሸኝሽ ነው" አለች። "እናቴ ለኔ ሰጥታኛለች፤ እኔ ላንቺ የምሰጥሽ የለኝም።"

"እማዬ፣ እኔ የፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ። ላም ምን ያደርግልኛል?"

ውሸቴን ነው። ፈልጌ ነበር። ሌሎች ልጃገረዶች ቬሏቸውን እንደሚያስቡ እኔ እናቴ ላም ይዛ ወደኔ ስትመጣ እያሰብኩ ነው ያደግኩት። ይህን ለዳዊት እንኳ አልነገርኩትም፤ ያሳፍራል።

አባቴ "ከገበያ እንግዛላት" ቢላት፣ "የገበያ ላም ከኔ እጅ ወጣች ይባላል?" ብላ ዘጋችው። አልአዛር ስልክ ደወለ። አልአዛር ዛሬ በር የሚሞላ የሲኖትራክ ሾፌር ነው። "እማዬ፣ ከሦስቱ አንዷን ብትሰጫት ጌታ ይቀየማል እንዴ?" አላት።

"አንተ ዝም በል" አለችው። "አንተ የምትተነፍሰው በነሱ ነው።"

እንዲህ ስትል አባቴ ተነሥቶ ወጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ላም አልባ ሙሽራ ሆኜ እወጣ ነበር፣ ያው ነው። ግን አላበቃም። በዚያው ሳምንት እናቴ ላሞቹን አልባ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ዓይኔ እልልታ ላይ አረፈ" አለችኝ፣ ሰው የገደለች ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይቺን ለታቢታ ብሰጣትስ ብዬ ተመኘሁ። የሌላ ሰው ከብት ተመኘሁ፣ ታቢታ። ልቤ እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ እኔ እጅ ላይ መቆየት የለባቸውም።" ስልኳን አነሣችና ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ መጥተው የጌታን ላሞች እንዲረከቧት ጠራቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋቢ ኦሊያድና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ኦሊያድ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በልጅነቱ መዝሙር ያስተማረችው እናቴ ናት። በረት ለማየት ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቷል። የቤተ ክርስቲያን እንግዶች ስለሆኑ ለሦስቱም ወተት በትልልቅ ብርጭቆ ቀረበላቸው። እኔና አባቴ ጥቁር ሻይ ይዘን ትይዩ ተቀመጥን።

እናቴ ከግራሩ ሥር ጸሎት ጀምራ እስከ እልልታ ድረስ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"እህት ደስታነሽ፣ በየዓመቱ የምትነግሪን እውነተኛ ላም ነው እንዴ?"

"ታዲያ ምን ዓይነት ላም ነው?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁለተኛው፣ "የት ነው የምናስራቸው? መኪና ማቆሚያው ላይ?" አለ። ሽያጭ የሚል ቃል ከአንደኛው አፍ ሊወጣ ሲል እናቴ አየችው፤ ቃሉን ከወተቱ ጋር ዋጠው። ከዚያ መጋቢ ኦሊያድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እናቴ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በታማኝነት ጠብቀዋል። እኔ እንደ መጋቢነቴ በጌታ ስም አንዷን ለታቢታ ይስጧት እላለሁ።"

አልዋሽም፣ ኦሊያድ በዚያች ደቂቃ ከመጋቢዎች ሁሉ በለጠብኝ።

"ኦሊያድ" አለች እናቴ፣ መጋቢ የሚለውን ረስታው። "ላሞቹ ያንተ ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ታዲያ የሰው ላም እንዴት አድርገህ ትሰጠኛለህ?"

ኦሊያድ ስኒከሩን ማየት ጀመረ። እናቴ ተነሣችና ነጠላዋን አስተካከለች። "ነገ ከአምልኮ በፊት ነድቼ አመጣቸዋለሁ። በረት አሠሩ፣ አጥር አሠሩ፣ የናንተ ፋንታ ነው። እኔ አደራዬን አስረክቤ እጄን እታጠባለሁ።" ከሰው ይልቅ ከነዚህ ላሞች ጋር ነው ዕድሜዋን ያሳለፈችው። በሲዳምኛ ነው የምታወራቸው፤ ከኛ ጋር እንኳ የማታወራውን።

ያን ጊዜ አባቴ የሻዩን ስኒ መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሣ።

"ደስታነሽ፣ አትንጃቸው። ምስጋና ሞታለች።"

"ከሞተች ስንት ዘመኗ! ምን ነካህ?"

"አይደለም። በአራት ወሯ ነው የሞተችው።"

አባቴ ቆሞ እያለ፣ ማንንም ሳያይ ተናገረ። እኔን ለመውለድ እናቴ ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ነበር፤ ደም ፈስሷት ከሞት ጋር ግብግብ ላይ ነበረች። በዚያው ሳምንት ምስጋናን ተቅማጥ ያዛትና በሁለት ቀን ሞተች። "ጥጃዋ ሞተች ብዬ ብመጣ፣ ጌታ አልተቀበለኝም፣ ልጄን መልሶ ሊወስድብኝ ነው ትያለሽ" አላት። "ያኔ ደግሞ ለመሞት ትንሽ ነበር የቀረሽ። ጋሽ ጠሀ ጋ ሄድኩ። ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ሱቅ ነበራቸው፣ ጓሯቸው ደግሞ ከብት ያረባሉ። እኩያዋ የሆነች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ጥጃ ነበረቻቸው። እሷን ሰጡኝ። የምስጋናን ቆዳ ገፍፌ ጥጃዋ ጀርባ ላይ አሰርኩት። ቡሪት አሸተተቻትና ልጄ ናት ብላ አጠባቻት። አንቺ ስትመጪ ፈትቼው ነበር።"

እናቴ አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ፣

"ነጩ!" አለች።

"አዎ።"

"ነጩ ጠቦብኛል ብዬህ ነበር!"

"ብለሽኛል።"

"ስታድግ ይጠባል አልከኝ!"

"ብያለሁ።"

"ሃያ ሰባት ዓመት፣ ግዛቸው!"

"ብነግርሽ ኖሮ ልጁ ባስነጠሰው ቁጥር ትሞቺ ነበር" አለ አባቴ። "እኔ ደግሞ አንቺ እንድትኖሪልኝ ነው የፈለግኩት።"

እናቴ ፊቷን አዞረችበት። ጓሮ ወጣች፤ ወዲያው እንሰት ስትፍቅ ተሰማ፣ መዝሙሩም ተጀመረ። የትኛው ዓይነት መዝሙር እንደሆነ ለማወቅ ያን ቀን ልምድ አላስፈለገኝም። መጋቢ ኦሊያድ በሹክሹክታ "እንጸልይ?" ሲል አባቴ፣ "ወደ መንገዱ ሄድ ብላችሁ ጸልዩ፣ እዚህ አደጋ አለው" አላቸው። ወተታቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

እሑድ ላሞቹን አልነዳችም። ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ተመለሰች፣ ለአባቴ ምሳ አቀረበች። ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "አስፈቅጂና ጋሽ ጠሀ ጋ ውሰጂኝ" አለችኝ።

ጋሽ ጠሀ ዛሬ መናኸሪያ አካባቢ ገመድና ባልዲ፣ ማጭድና አካፋ የሚሸጥ ሱቅ አላቸው። ሥራውን ልጆቻቸው ይዘውታል፤ እሳቸው ኮፍያቸውን ደፍተው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። እናቴ ፊታቸው ቆመች።

"ጋሽ ጠሀ፣ ላሞችዎን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

"የምን ላም?"

ነገረቻቸው። መጀመሪያ አላስታወሱም። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቁ ነው። "ያ ግዛቸው! እስካሁን አልነገረሽም?" አሉ። "እያለቀሰ ነው የመጣው። ወንድ ልጅ ለጥጃ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ምን ሆነሃል አልኩት። ለጥጃዋ አይደለም፣ ሚስቴ ትሞትብኛለች አለኝ። ያን ጊዜ ነው ፈትቼ የሰጠሁት።"

እናቴ አልሳቀችም። እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። "ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር በትክክል ይንገሩኝ። ያቺን ጥጃ ለፈጣሪ ነው የሰጡት ወይስ ለግዛቸው?"

ጋሽ ጠሀ መሳቅ አቆሙ። ጥያቄው የምር መሆኑን ገባቸው፤ እሳቸውም እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምር የሚይዙ ሰው ናቸው። "ለአላህ የምሰጠውን ለይቼ ነው የምሰጠው" አሉ ቀስ ብለው። "ያቺ የዚያ አልነበረችም። ለግዛቸውም አልነበረችም። አንቺ አራስ ነበርሽ፣ ደስታነሽ። አራስ ይጠየቃል። ጥጃዋን ላንቺ ነው የሰጠሁሽ። የአራስ መጠየቂያ ደግሞ መልሰው አይቀበሉትም፤ ነውር ነው።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ያቺ ሕፃን አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማሻአላህ" አሉ። "ጥጃዋ ደግ ዋለች።"

ስንመለስ ባጃጃችን ሐይቁ መንገድ ላይ ደረሰ። እናቴ በጣቷ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

"ጌታ ጥጃዋን ያኔውኑ ወስዷል" አለች። "ከአራት ወር በላይ አልታገሠም። እኔ ነኝ ገና አልወሰደም ብዬ የኖርኩት።"

"ታዲያ እነዚህ?"

"እነዚህማ የኔ ናቸው።" ቃሉን እንደ አዲስ ቋንቋ ነው የተናገረችው። "የኔ ናቸው፣ ታቢታ። ያ ሁሉ ወተት የኔ ነበር።"

ማልቀስ ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። የባጃጁ ሾፌር በመስተዋቱ አየንና ዘፈኑን ቀነሰ። ምን እንዳስለቀሰኝ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወተታችንን የሚጠጣብን ጌታ ነው እያልኩ ስቀየም፣ የምትሰጠው እናቴ ነበረች።

ቤት ስንገባ አባቴ በረቱ አጠገብ ቆሟል፤ ምሳ እንኳ አልበላም። እናቴ አጠገቡ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። "ነጩን አልረሳልህም" አለችው። "አውቃለሁ" አላት። ከዚያ ሻይ አፈላችለትና ከእልልታ ወተት ጨመረችበት። አባቴ ስኒውን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው፤ ሲጠጣው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም የኔን ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ከላስቲኩ ወተት ብዙም አይለይም።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ሳትጠራ ተነሥታ መድረክ ላይ ወጣች። "እኔ ጋ ያሉት ላሞች የኔ ናቸው" አለች። ምእመኑ ግራ ቢጋባም "አሜን!" አለ። "ከነሱ አንዷን፣ ዝማሬን፣ ለጌታ ሰጥቻለሁ።" ምእመኑ አሁን በደንብ "አሜን!" አለ። መጋቢ ኦሊያድ መኪና ማቆሚያው ትዝ ብሎት ይሁን በሌላ ፊቱ ተለዋወጠ። እናቴ ይህን አይታ፣ "አይዞህ፣ እኔው እጠብቃታለሁ" አለችው። ጆጉም ጤና ጣቢያ መሄዱን አላቋረጠም። ብጠይቃት፣ "አራሶቹ ምን አደረጉ?" አለችኝ።

የሠርጌ ቀን ጠዋት መኪኖቹ ከመድረሳቸው በፊት ከጓሮ ጠራችኝ። ቬሎዬን በሁለት እጄ ሰብስቤ፣ ጫማዬን አውልቄ በረቱ ድረስ ሄድኩ። እልልታን አጥባታለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ሳይቀር ያበራል። አባቴ ትንሽ ራቅ ብሎ አጥሩን ተደግፏል። እናቴ ሥራ ላይ እንዳለች ሁሉ እጅጌዋን ሰብስባ ነው የቆመችው።

ለረጅም ጊዜ ልጠይቃት የፈለግኩትን ያን ጊዜ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ አይቆጭሽም? ያ ሁሉ ዓመት የራስሽ ሆኖ ሳታውቂ?"

አሰበችበት። እናቴ ለይስሙላ አትመልስም።

"የኔ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አልሰጥም ነበር" አለች። "ግማሹን ለቤት፣ ግማሹን ለገበያ እል ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እንኳን አላወቅሁ።" የመጨረሻውን ስትል ወደ አባቴ ዞራ ነው፤ አባቴ አጥሩን ለቆ ቀና አለ።

ከዚያ ወደኔ ቀረብ አለችና ገመዱን እጄ ላይ አደረገችው።

"ይቺን ግን" አለች፣ "እያወቅሁ ነው የምሰጥሽ።"